ብስክሌት ከመላካችን በፊት ጎሚስታውን እንጠይቅ

ማኅበራችን ባሕር ዳር ላሉ ተማሪዎች የሚላኩ ያገለገሉ ብስክሌቶችን እያሰባሰበ መሆኑን ሰምታችኋል። እስካሁን 14 ተገኝተዋል፤ ገሚሱ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ገሚሱ ከአሌክሳንድሪያ። ባለፈው ቅዳሜ ብስክሌቶቹን ለመቁጠርና ለማጽዳት ከመጣነው አንዷ እኔ ነበርኩ። አንዳንዶቹ ሰጪዎች ብስክሌታቸውን አጥበውና ወልውለው ነው ያመጡት። አንድ አባት የልጃቸውን ብስክሌት ሲያስረክቡን መቀመጫውን መታ መታ አድርገው «በል እንግዲህ፣ አገርህን እይ» አሉት። ሁላችንም ሳቅን። ስንጨርስ ግን ልቤ ከብዶኝ ነው ወደ ቤቴ የሄድኩት።

ምክንያቱ ይኸው። ከ14ቱ 5ቱ ቲዩብለስ ጎማ ያላቸው የተራራ ብስክሌቶች ናቸው። 6ቱ ፍሬናቸው ሃይድሮሊክ ነው። ለአንዳቸውም መለዋወጫ አልተዘጋጀም። ባሕር ዳር ያለ አንድም ሰው «የትኛው ዓይነት ይሻላችኋል?» ተብሎ አልተጠየቀም። ዕቅዱ ጎማ ነፍቶ፣ ፎቶ አንስቶ፣ ጭኖ መላክ ነው።

ሐሳቤን ከአሁኑ ልናገር። ብስክሌቶቹ አይላኩ አልልም። እንዳሉ አይላኩ ነው የምለው። አንድ ብስክሌት ስጦታ የሚሆነው የሚቀበለው ልጅ ሰፈር ያለ ጎሚስታ ሊጠግነው ከቻለ ብቻ ነው። ካልቻለ ግን ዕቃችንን ከምድር ቤታችን አውጥተን የሌላ ሰው ግቢ ውስጥ አስቀመጥነው ማለት ነው።

ይህን የምለው ከሌላው የተሻልኩ ሆኜ አይደለም። ስህተቱን አስቀድሜ የሠራሁት እኔ ነኝ።

ብስክሌት መንዳት የለመድኩት አሌክሳንድሪያ፣ አጎቴ ዘንድ ነው። ትንሽ ሳለሁ ቅዳሜ ቅዳሜ የማውንት ቨርነንን መንገድ ይዘን ፖቶማክን እያየን እንሄድ ነበር። ያ መንገድ 18 ማይል ገደማ ስለሆነ እኔ ሁልጊዜ ግማሹ ላይ ነው የምደክመው። ከፍ ስል ጫካ ውስጥ መንዳት ወደድኩ፤ ዌክፊልድ፣ ፋውንቴንሄድ። የመጀመሪያው የተራራ ብስክሌቴ ባለ 29 ኢንች፣ ቲዩብለስ ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ስጨርስ ሌላ ተገዛልኝ። በዚያው ክረምት ቤተሰባችን ወደ ባሕር ዳር ሲሄድ አሮጌውን በካርቶን አሽገን ለአክስቴ ልጅ ወሰድንለት። ያኔ 15 ዓመቱ ነበር። ትምህርት ቤቱ ከቤታቸው ሩቅ ነው፤ ከትምህርት መልስ ደግሞ ለእናቱ ሱቅ ዕቃ የሚያመላልሰው እሱ ነው። ብስክሌቱን ሲያይ የሆነውን ልነግራችሁ አልችልም። አክስቴ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ።

ከመሄዳችን በፊት ጎማው ውስጥ አዲስ ሲላንት ሞልቼ ነበር። በዚህ ኮራሁ። ጨዋ ሰጪ የሆንኩ መሰለኝ።

እዚህ ላይ ለማታውቁት ቲዩብለስ ምን እንደሆነ ላስረዳ፤ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በዚህ ላይ ነው። የለመድነው የብስክሌት ጎማ ሁለት ክፍል አለው፦ ውጪ ያለው ወፍራሙ ጎማና ውስጡ አየር የሚይዘው ቀጭን ላስቲክ። ውስጠኛውን አባቴ «ካላማዳሪ» ይለዋል። ቲዩብለስ ካላማዳሪ የለውም። ጎማው ራሱ ከቸርኬው ጋር ጥብቅ ብሎ አየሩን ይይዛል። ይህን አሠራር ማቪክ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ለተራራ ብስክሌት እ.ኤ.አ. በ1999 ገበያ ላይ አወጣው። ጥቅሙ እውነተኛ ነው። ካላማዳሪ ስለሌለ ድንጋይና ቸርኬ መሀል ተቆንጥጦ የሚበሳ ነገር የለም። ስለዚህ አየሩን ቀነስ አድርጎ መንዳት ይቻላል፤ ጎማው ሥርና ድንጋይ ላይ ለስለስ ብሎ ይይዛል። እኔ ዛሬም የምነዳው ቲዩብለስ ነው።

ውስጡ ደግሞ ሲላንት የሚባል ወተት የመሰለ ፈሳሽ ይጨመራል፤ ለአንድ የተራራ ብስክሌት ጎማ እንደ ስፋቱ ከ60 እስከ 120 ሚሊ ሊትር ገደማ። አብዛኛው ሲላንት የሚሠራው ከተፈጥሮ ላቴክስ፣ ማለትም ከጎማ ዛፍ ወተት ነው፤ ደቃቅ ቅንጣቶችም ይቀላቀሉበታል። እሾህ ጎማውን ሲበሳው የሚወጣው አየር ፈሳሹን ወደ ቀዳዳው ይገፋዋል። ቅንጣቶቹ እዚያ ይጠላለፋሉ፣ ላቴክሱ ይረጋል፣ ቀዳዳው ይደፈናል። የደም መርጋትን የተማርን ነርሲንግ ተማሪዎች ይህን ስንሰማ ፈገግ እንላለን። ቆዳችን ሲቆረጥም እንዲሁ ነው፤ ፕሌትሌቶች ተሰብስበው ቀዳዳውን ይደፍናሉ፣ ፋይብሪን የሚባለው ክር መጥቶ ያጠናክራቸዋል።

ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። አንድ ፕሌትሌት የሚኖረው ከ8 እስከ 10 ቀን ነው። እኛ የማናልቀው መቅኒያችን ቀን ከሌት አዲስ ስለሚሠራ ነው። ጎማ መቅኒ የለውም። ያለው አንድ ጊዜ ያፈሰስንበት ብቻ ነው። ያም ከ2 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይደርቃል፤ ሙቀትና ደረቅ አየር ሲሆን ፈጥኖ ይደርቃል። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ይህ ችግር አይደለም። ብስክሌት ሱቅ ገብቶ አንድ ጠርሙስ መግዛት ነው። ቲዩብለስ እንግዲህ አንድ ጊዜ የሚገዛ ዕቃ አይደለም። በየጥቂት ወሩ ከሱቅ ጋር የሚያገናኝ ውል ነው። እኔ ለአክስቴ ልጅ ብስክሌቱን ሰጠሁት፤ ውሉን ማን እንደሚከፍልለት ግን አላሰብኩም።

ሐምሌ ነው የሰጠነው። የካቲት ላይ ጎማው ሌሊት ሌሊት መተንፈስ ጀመረ። መጋቢት ላይ ጨርሶ አየር መያዝ አቆመ።

ይህን ያኔ አላወቅኩም። ማንም አልነገረኝም። በየሳምንቱ እሑድ እንደዋወላለን፤ «ሳይክሏስ እንዴት ናት?» እለዋለሁ፤ «አለች፣ በጣም ጥሩ ናት፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ይለኛል። እኔም ደስ ብሎኝ እዘጋለሁ። የፋሲካ ዕለት በቪዲዮ ስንደዋወል አክስቴ ስልኩን ይዛ ወደ ጓሮ ስትወጣ ከበስተኋላዋ ብስክሌቴን አየሁት። ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አቧራ እንዳይነካው ንጹሕ ነጠላ ጣል ተደርጎበታል።

እስቲ አስቡት። ልጁ በእግሩ እየሄደ፣ የእናቱን ዕቃ እየተሸከመ፣ የማይሠራውን ስጦታዬን በነጠላ ሸፍኖ ይጠብቅልኛል። እኔ እንዳይከፋኝ ብሎ ነው። እዚህ ተወልደን ወይም አድገን ብዙ የአማርኛ ቃል ቢያመልጠንም ይሉኝታ የሚለውን ቃል የማናውቅ የለንም። አልነገረኝም ብዬ ልቆጣው አልችልም። እኔ በሱ ቦታ ብሆን እነግረው ነበር? አይመስለኝም።

ወዲያው ወደ ጎሚስታው ደወልን። መንገድ ዳር የሚሠሩ ትልቅ ሰው ናቸው፤ አንድ ፖምፓ፣ አንድ የውሃ ገንዳ፣ ማስቲሽ፣ ሞረድ፣ ጥቂት መፍቻዎች። የአክስቴ ልጅ ስልኩን አቀበላቸው። እኔ በራሴ ዓለም ሆኜ ማስረዳት ጀመርኩ፤ ሲላንት ልልክልዎ፣ የቸርኬ ቴፕ ልልክልዎ፣ ምናምን። እስክጨርስ ጠበቁኝና እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ ይኼ እኮ ቀላል ነው። የ28 ካላማዳሪ ይገባላታል። የባልቦላው ቀዳዳ ጠባብ ስለሆነ ቸርኬውን በትራፓኖ ትንሽ ማስፋት ነው። ለልጁ የዛን ቀን ነግሬው ነበር። ‹የሰው ስጦታ አልበሳም› ብሎኝ ሄደ።»

ዝም አልኩ።

ምን እንዳሉኝ ለማያውቅ ላብራራው። እዚህ በብዛት የሚታየው የብስክሌት ባልቦላ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ እንደ መኪና ጎማ ባልቦላ ወፍራም ነው። ሌላው ቀጭን ነው፤ ውድ የሚባሉት ብስክሌቶች ላይ የሚገኘው እሱ ነው። የቀጭኑ ቀዳዳ 6.5 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ የወፍራሙ 8.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ እሳቸው ዘንድ ያለው ካላማዳሪ በኔ ቸርኬ አያልፍም፤ ፖምፓቸውም በኔ ባልቦላ አይገባም። በሁለት ሚሊ ሜትር ምክንያት አንድ ብስክሌት ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። 29 የሚባለው ቸርኬ ደግሞ በልኩ ከብዙዎቹ ዘመናዊ 28 ቸርኬዎች ጋር አንድ ነው፤ የሚለየው ስሙና የጎማው ስፋት ነው። ላስቲክ ስለሚለጠጥ የ28 ካላማዳሪ ይበቃዋል። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። እሳቸው ያውቁታል።

«ይብሱት አባቴ፣ ይብሱት» አልኳቸው። በሱት። ጠርዙ ካላማዳሪውን እንዳይቆርጠው ዙሪያውን በሞረድ አለሰለሱት። የደረቀውን ሲላንት እንደ ሽንኩርት ቅርፊት ላጡት። በማግስቱ ልጁ እየነዳው ትምህርት ቤት ሄደ። እስከ ዛሬም ይነዳዋል። መፍትሔው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሁለት ሰፈር እልፍ ብሎ ቁጭ ብሎ ነበር። የጠፋው አንድ የስልክ ጥሪ ነው።

ይህ የኔ የግል ታሪክ ብቻ ቢሆን አልጽፈውም ነበር። በትምህርቴም ያንኑ ነገር አገኘሁት። ለድሃ አገር ሆስፒታሎች ስለሚለገሱ የሕክምና መሣሪያዎች ስናነብ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ጥናት አየሁ። ሁለት ተመራማሪዎች የ16 አገሮችን የሆስፒታል መሣሪያ ቆጠራ ሰብስበው ሲያዩት 40 በመቶ ገደማ የሚሆነው መሣሪያ የማይሠራ ሆኖ ተገኘ። መሣሪያው መጥፎ ስለሆነ ብቻ አልነበረም። የሠለጠነ ሰው፣ የጥገና ሥርዓት፣ መብራትና ውሃን የመሰለ መሠረተ ልማት ስለጠፋ ነው። ማሽኑ እንደኔ ብስክሌት ጥግ ይዞ ይቀመጣል።

የዓለም ጤና ድርጅት ይህን አይቶ እ.ኤ.አ. በ2000 ለጤና መሣሪያ ልገሳ መመሪያ አወጣ። ሐሳቡ አራት ነገር ላይ ያርፋል። ስጦታው ከሁሉ በላይ ተቀባዩን ይጥቀም። የተቀባዩ ፍላጎትና ሥልጣን ይከበር። ለኛ የማንቀበለውን ጥራት ለሌላ አንስጥ። ሰጪና ተቀባይ በደንብ ይነጋገሩ። እነዚህን አራት ነጥቦች ምድር ቤት ባሉት 14 ብስክሌቶች ላይ ብናነባቸው ስንቱን እናልፋለን? በኔ ግምት አንዱን ብቻ ነው፤ እሱም ሦስተኛውን። ብስክሌቶቹ ጥሩ ናቸው። ቀሪዎቹን ሦስቱን ገና አልጀመርናቸውም።

ይህን ሐሳብ ቅዳሜ ዕለት ስናገር ሁለት ተቃውሞ ገጠመኝ። ሁለቱም የምወዳቸው ጓደኞቼ ስለሆኑ በቁም ነገር ልመልስ።

የመጀመሪያው፦ «በነፃ ነው እኮ። ምንም ከሌለው ልጅ ምንም ይሻለዋል።» ግን ነፃ አይደለም። ማጓጓዣው ዋጋ አለው፤ ያንን ዋጋ እኛ በቡና ሽያጭና በመዋጮ ነው ያሰባሰብነው። ተቀባዩም ይከፍላል። ቀረጥና የመጫኛ ጣጣ አለ፣ የማይገኝ ዕቃ ፍለጋ የሚባክን ቀን አለ፣ ብስክሌት አለው ተብሎ ከሌላ እርዳታ መዝለል አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ነጠላ አልብሶ የሚጠብቅ ልጅ አለ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኛ ደግሞ የምናፈሰው የሌላ ሰው ቤት ነው።

ሁለተኛው ከበድ ይላል፦ «ለኛ ቲዩብለስና ሃይድሮሊክ፣ ለእነሱ ተራውን ማለትሽ ነው? ይህ ንቀት አይደለም?» ይህን ጥያቄ ሌሊት አስቤበታለሁ። መልሴን ያገኘሁት ስራም ከሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ታሪክ ነው። ስራም በዓለም ካሉት ውድ የብስክሌት ዕቃዎች ብዙዎቹን የሚሠራ ነው፤ ባለ 12 ማርሹን የተራራ ብስክሌት ዕቃ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው እሱ ነው። ከኩባንያው መሥራቾች አንዱ ኤፍ ኬ ዴይ ግን ከ2004ቱ የእስያ ሱናሚ በኋላ ወርልድ ባይስክል ሪሊፍ የሚባለውን የበጎ አድራጎት ድርጅት ሲያቋቁም ያንን ውድ ዕቃ አልላከም። ድርጅቱ ለአፍሪካ ገጠር በፋሎ የሚባል ብስክሌት አሠራ። ወፍራም ብረት ነው። ፍሬኑ ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት ይይዛል። ከኋላው 100 ኪሎ ይሸከማል። ከብስክሌቱ ጋር የአካባቢ ሜካኒኮችን ያሠለጥናል፣ መለዋወጫም ያቀርባል። ከማንም በላይ ቴክኖሎጂውን የሚያውቅ ሰው ቀላሉን መረጠ። ይህ ንቀት አይደለም። ጥራት ማለት በሦስተኛው ዓመትም የሚሄድ ማለት ነው።

ንቀት የሚሆነውስ ሌላ ነው። ባሕር ዳር ሄደን ስለ ብስክሌት የምናስተምራቸው ከመሰለን ያ ነው ንቀት። ከተማዋ ሜዳ ስለሆነች ሰዉ ከኛ በፊት ጀምሮ በብስክሌት ሲሄድባት ኖሯል። አገራችን ኦሎምፒክ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳተፈችው እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ ሲሆን ያኔም ብስክሌተኞች ነበሯት፤ ገረመው ደንቦባ አንዱ ነው። የጋራዡን ቋንቋ ራሱን ስሙት፦ ጎሚስታ፣ ካላማዳሪ፣ ቸርኬ፣ ኩሽኔታ፣ ግራሶ፣ ካቻቪቴ። ከጣልያንኛ ተወስዶ አማርኛ ሆኖ ቀርቷል። ሰው ቃሉን እንዲህ የራሱ የሚያደርገው ሥራውን የራሱ ሲያደርገው ነው። እኔ እነዚህን ቃላት የተማርኩት ከአባቴና ከዚያ የስልክ ጥሪ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ስጦታው ከመጫኑ በፊት እነዚህን አራት ነገሮች እንድናደርግ ለማኅበሩ አመራር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ እንደውል። ባሕር ዳር ዘመድ ያለን ብዙ ነን። እያንዳንዳችን በሰፈሩ ላለ አንድ ጎሚስታ እንደውልና ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ፦ የትኛው የጎማ ልክ ካላማዳሪ ይገኛል? የትኛው ፍሬን ይጠገናል? የትኛው ዕቃ ይቸግራችኋል? መልሱን ሰብስበን እሱን ተከትለን እንምረጥ። የኔ ግምት የ26 ጎማ፣ ወፍራም ባልቦላ፣ በሽቦ የሚሠራ ፍሬን፣ ባለ 7 ወይም ባለ 8 ማርሽ ይሉናል የሚል ነው። ግን የኔ ግምት አይሁን፤ የእነሱ ይሁን። መግቢያዬ ላይ እንዳያችሁት ግምቴ አስተማማኝ አይደለም።

ሁለተኛ፣ የማይሆኑትን እዚሁ እንሽጣቸው። ሃይድሮሊክ ፍሬን ገመድ የለውም፤ የሚሠራው በቱቦ ውስጥ ባለ ዘይት ግፊት ነው። ሺማኖ ማዕድን ዘይት ይጠቀማል፣ ሌሎች ብዙዎች ደግሞ ዶት የሚባለውን እንደ መኪና ያለ የፍሬን ዘይት። አንዱን በሌላው ቦታ የጨመረ ሰው የውስጡን ላስቲክ ያበላሸዋል። ትክክለኛው ዘይትና ማስተንፈሻ መሣሪያ ከሌለ ፍሬኑ አይጠገንም፤ ፍሬን የሌለው ብስክሌት ደግሞ ልጅ ይገድላል። እንዲህ ያሉትን እዚህ ለሚፈልጋቸው ሸጠን ገንዘቡን እዚያ እናውለው። ብር እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ከውጭ ለሚገባ ዕቃ የሚከፈለው ብር በብዙ ጨምሯል። ስለዚህ ካላማዳሪ ለሚገዛ ሰው የኛ ጥቂት ዶላር ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ ገንዘብ ጎሚስታዎቹም ለሚሠሩት ሥራ ይከፈላቸው። በነፃ ጠግኑልን ማለት ሌላ ይሉኝታ ውስጥ መግባት ነው።

ሦስተኛ፣ የሚሄደውን በደንብ አዘጋጅተን እንላከው። ለዚህ ሁለት ቅዳሜ ይበቃናል። ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። ለምሳሌ ሰንሰለቱ ማለቁን ለማወቅ ማስመሪያ ይበቃል። እያንዳንዱ መጋጠሚያ ግማሽ ኢንች ስለሆነ አዲስ ሰንሰለት ላይ 24 መጋጠሚያ ልክ 12 ኢንች ይሆናል። ርዝመቱ ከ12 ኢንች በ1/16 ካለፈ ሰንሰለቱ ይቀየር። በ1/8 ካለፈ የማርሾቹን ጥርስም በልቷቸዋልና አብረው ይታዩ። ከእያንዳንዱ ብስክሌት ጋር አንድ ትንሽ ቦርሳ ይሂድ፦ ሁለት ካላማዳሪ፣ አንድ ሰንሰለት፣ የፍሬን ሸራ፣ የፍሬንና የማርሽ ሽቦ። አንድ ልመና ደግሞ እንደ ነርሲንግ ተማሪ፦ የቲዩብለስ ጎማዎቹን ስንፈታ የናይትሪል ጓንት እናድርግ። ሲላንቱ ላቴክስ ነው፤ ከመካከላችን የላቴክስ አለርጂ ያለበት ሊኖር ይችላል። ዱቄት ያለው የሕክምና ጓንት እ.ኤ.አ. ከጥር 2017 ጀምሮ በዚህ አገር የተከለከለው ከምክንያቶቹ አንዱ ዱቄቱ የላቴክስን አለርጂ በአየር ስለሚያሰራጭ ነው። ላቴክስ ቀልድ አይደለም።

አራተኛ፣ እና ለኔ ዋናው ይህ ነው፦ እውነቱን ለመናገር እንፍቀድላቸው። ከእያንዳንዱ ብስክሌት ጋር በአማርኛ የተጻፈ አንድ ወረቀት እንላክ። «ይህ ያንተ ነው፤ ያንቺ ነው። ብሱት፣ ቀይሩት፣ ካስፈለገም ሽጡት። ከተበላሸ ንገሩን፤ አይከፋንም» የሚል። ከስድስት ወር በኋላም እንደውል። «ሳይክሏስ እንዴት ናት?» ብለን አንጠይቅ። እንደዚያ ከጠየቅን «በጣም ጥሩ ናት» ነው የሚሉን። «መጨረሻ የተጠገነችው መቼ ነው? ምኗን?» እንበል። ሆስፒታል በሽተኛን «ደህና ነዎት?» ብሎ ብቻ መጠየቅ እንደማይበቃ አስተማሪዎቻችን ነግረውናል፤ የእኛ እናቶችና አባቶች ደረታቸው እየወጋቸውም «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። «ዛሬ ደረጃ ሲወጡ ስንት ጊዜ አረፉ?» ስትሏቸው ነው እውነቱ የሚወጣው። ብስክሌትም እንደዚያው ነው።

ይህን ብናደርግ ከ14ቱ ምናልባት 8 ወይም 9 ብቻ ይሄዳሉ። ፎቶው ያንሳል። የሰጡን ሰዎች «የኔስ የት ደረሰ?» ሲሉ ማስረዳት ይኖርብናል። ያንን ማስረዳት ለኔ ስጡኝ፤ በደስታ እሠራዋለሁ። «አገርህን እይ» ላሉት አባት መጀመሪያ እደውላለሁ። ብስክሌቱ የልጃቸው ስለነበር ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እንዲቀር የሚፈልጉ አይመስለኝም።

ባለፈው እሑድ የአክስቴ ልጅ ደወለልኝ። ሰላምታውን ሳይጨርስ «የኋላዋ ኩሽኔታ መጮህ ጀምራለች፤ ሰውዬው ግራሶ ቀብተው አዩዋት፣ መቀየር አለባት ብለዋል» አለኝ። ስንት እንደሆነች፣ እዚያው እንደምትገኝም ነገረኝ። እንዲህ ያለ የሚያስደስት ብልሽት ሰምቼ አላውቅም።

የአመራሩ ስብሰባ የሚቀጥለው ሐሙስ ነው። ኑና ድምፅ ስጡ። ከመምጣታችሁ በፊት ግን ባሕር ዳር ያለ አንድ ዘመዳችሁ ጋ ደውሉ።